ኬሚካል መርማሪ መሣሪያዎችን በህትመት ማምረት፤ ከልደታ የተገኘ ተሞክሮ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከመላ አገሪቱ የሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ለረጅም ዓመታት ሲገለገሉበት የቆየ ተቋም ነው። ሕሙማኑ በደም ሥራቸው የሚወስዱት መድኃኒት በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን መጠን በትክክል መያዙን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። መልኩም ሆነ ማሸጊያው ከደረጃውን ከጠበቀ ምርት ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያወጣው የኬሚካል ምርመራ ነው።

የኬሚካል ምርመራ መሣሪያዎች ግን ዋጋቸው ከፍተኛ ነው። በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፤ መለዋወጫቸው ከውጭ ይመጣል፤ ሲበላሹም ባለሙያ መጠበቅ ግድ ይላል። ከዚህ የተነሳ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ለምርመራ የሚያገለግሉ ዕቃዎችን በማተሚያ መሣሪያ አማካይነት ራሳቸው ማምረት ጀምረዋል። አንዳንዶቹ በወረቀት ላይ ሰም ያትማሉ። ሌሎቹ ደግሞ በተለምዶ ስሪ ዲ ፕሪንተር በሚባለው ማሽን ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ እየደረቡ የሚፈልጉትን ዕቃ ይሠራሉ። ሁለቱም ዘዴዎች የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አለ፤ ይኸውም አንድን መሣሪያ ለአንድ የተወሰነ ሥራ በልኩ ማዘጋጀት ማስቻላቸው ነው።

የአዲስ አበባው ግኝት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥር የሚገኘው የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከሚገኙት የኖትር ዳምና የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን ከአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የካንሰር መድኃኒቶችን ጥራት መርምረዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ጄ ሲ ኦ ግሎባል ኦንኮሎጂ በተሰኘው የሙያ መጽሔት ታትሟል።

በጥናቱ ከተፈተሹት መድኃኒቶች አንዱ ሲስፕላቲን ነው። ሲስፕላቲን የፕላቲነም ማዕድንን የያዘ መድኃኒት ሲሆን ለማህፀን በር፣ ለፊኛ፣ ለዘር ፍሬና ለሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ሕክምና ይውላል። ተመራማሪዎቹ በቅድሚያ የተጠቀሙት በሰም የታተመ የወረቀት ካርድ ነበር። ካርዱ አጠራጣሪ መሆኑን ያመለከተው የሲስፕላቲን ምርት ኤች ፒ ኤል ሲ በሚባለው የላቦራቶሪ መሣሪያ በድጋሚ ሲመረመር፣ በአማካይ የያዘው ንጥረ ነገር በመለያው ላይ ከተጻፈው መጠን 54 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የመድኃኒት መድበሎች ለአብዛኞቹ ምርቶች የሚፈቅዱት ልዩነት በጥቅሉ ከ90 እስከ 110 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ መሆኑ ሲታሰብ የጉድለቱ ክብደት ግልጽ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት በሆስፒታል መዝገብ ላይ በቀላሉ አይታይም። ሐኪሙ ሙሉ መጠን ያዘዘ ይመስለዋል። ዕጢው ካልቀነሰ በሽታው መድኃኒቱን ተቋቁሟል ተብሎ ሊታሰብና ሕክምናው ወደ ሌላ፣ ምናልባትም ወደ ከበደ መድኃኒት ሊለወጥ ይችላል። ታካሚውና ቤተሰቡ ለግማሽ መድኃኒት ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ፤ መንግሥትም ለግዥው ያወጣው የውጭ ምንዛሪ እንዲሁ ይባክናል።

ጉዳዩ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ምርት ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በካሜሩን፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በማላዊ የሚገኙ የካንሰር መድኃኒቶችን ተመልክቷል። ከተመረመሩት 191 የምርት መለያ ቁጥሮች መካከል 32ቱ የጥራት መስፈርቱን ሳያሟሉ ቀርተዋል። የያዙት ንጥረ ነገር መጠንም ከ28 እስከ 120 በመቶ የሚደርስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚዘዋወሩት አሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ መሆኑን አመልክቷል።

የወረቀቱ ካርድ አሠራር

ለዚህ ሥራ የዋለው ካርድ ዝግጅቱ ቀላል ነው። በላቦራቶሪ ማጥሪያ ወረቀት ላይ ቀጫጭን የሰም መስመሮች ይታተማሉ። ወረቀቱ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ በመዝለቅ ውኃ የማያሳልፍ ግድግዳ ይሆናል። በግድግዳዎቹ መካከል ጠባብ መተላለፊያዎች ይፈጠራሉ። በየመተላለፊያው የተለያዩ ጠቋሚ ኬሚካሎች ጠብ ተደርገው ይደርቃሉ።

በምርመራ ጊዜ የመድኃኒቱ ናሙና በወረቀቱ ላይ በአግድም ይቀባና የካርዱ ጫፍ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ውኃው ልክ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ በየመተላለፊያው ወደ ላይ እየወጣ ናሙናውን ከጠቋሚዎቹ ጋር ያገናኛል። በመጨረሻም በካርዱ ላይ የቀለማት ድርድር ይታያል። ይህ ድርድር ከትክክለኛው መድኃኒት ድርድር ጋር በዓይን ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ ይነጻጸራል። የካንሰር መድኃኒቶች በራሳቸው ለነኪው አደገኛ በመሆናቸው ምርመራው ጓንትና ሌሎች የመከላከያ ዕቃዎችን እንዲሁም ተገቢ የቆሻሻ አወጋገድን ይጠይቃል።

ወረቀትን ወደ ላቦራቶሪነት የመለወጡ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2007 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከቀረበ ወዲህ በስፋት ታውቋል። የሰም ህትመቱ ዘዴ ደግሞ ከሁለት ዓመታት በኋላ ተከትሎታል። መስመሮቹን ለማተም የሚያገለግለው በቀለም ምትክ ሰም የሚያቀልጥ የቢሮ ማተሚያ ነበር። ሆኖም ማተሚያውን ያመርት የነበረው ዜሮክስ ኩባንያ ይህን የምርት መስመር አቋርጦታል። በርካታ ላቦራቶሪዎችም አማራጭ ለመፈለግ ተገደዋል። ከተሞከሩት አማራጮች አንዱ በስሪ ዲ ፕሪንተር የተሠራ ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ በቀለጠ ሰም ውስጥ ተነክሮ ወረቀቱ ላይ ይረገጣል። ይህም በአንድ አምራች ላይ ብቻ የተመሠረተ አሠራር ሲቋረጥ፣ በቦታው ሊሠራ የሚችል ዕቃ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሞላ ያሳያል።

ደርቦ ማተም ምንድን ነው

ከተለመደው የብረታ ብረት ወይም የእንጨት ሥራ በተለየ፣ በስሪ ዲ ፕሪንተር የሚሠራ ዕቃ ከትልቅ አካል ተቆርጦና ተፍቆ አይወጣም። በኮምፒዩተር የተነደፈው ቅርጽ በመጀመሪያ እንደ እንጀራ በስስ ንብብሮች ይከፋፈላል። ማሽኑ ከታች ጀምሮ እያንዳንዱን ንብብር በተራ ያኖራል። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት የፕላስቲክ ክር አቅልጦ በጠባብ አፍ የሚያወጣው ሲሆን የአንዱ ንብብር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሁለተኛው ዓይነት ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን የሚያጠነክር ነው።

የቴክኖሎጂው መነሻ በ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመን ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል በብርሃን የማጠንከሩን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 ለባለቤትነት መብት አቅርቦ በ1986 አገኘ። የፕላስቲክ ክር የማቅለጡ ዘዴ በስኮት ክረምፕ እ.ኤ.አ. በ1989 ለባለቤትነት መብት ቀረበ። የዚህኛው መብት እ.ኤ.አ. በ2009 ካበቃ በኋላ የማሽኑ ዋጋ በፍጥነት ወረደ። ለዚህ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ በአድሪያን ቦየር የተጀመረውና ንድፉን ለሁሉም በነጻ የለቀቀው ሬፕራፕ የተባለ ፕሮጀክት ነው። ቀደም ሲል በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ የነበረ ማሽን ዛሬ አነስተኛ ዓይነቱ በዓለም ገበያ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል።

ለምርመራ የሚሠሩ ዕቃዎች

በላቦራቶሪዎች በብዛት የሚታተሙት ዕቃዎች ትናንሽና ለአንድ ተግባር የሚውሉ ናቸው። የምርመራ ቱቦ መደርደሪያ፣ የኤሌክትሮድ መያዣ፣ ከማሽኑ ጋር ያልገጠመን ቱቦ የሚያገጥም ቀለበት፣ የተሰበረ የመሣሪያ ክፍል ምትክ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። አንድ የፕላስቲክ ቁልፍ በመሰበሩ ለወራት የቆመ መሣሪያ በአንድ ቀን ሥራ ሊጀምር የሚችልበት ዕድል አለ።

ከዚህ ከፍ ያለው ደረጃ ሙሉ መሣሪያ መሥራት ነው። በአሜሪካ የሚቺጋን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የፈሳሽን ቀለም መጠን የሚለካ ኮሎሪሜትር በስሪ ዲ ፕሪንተር ሠርተው ንድፉን ይፋ አድርገዋል። ለዕቃው የወጣው ወጪ ከ50 ዶላር በታች ሲሆን ተመሳሳይ ተግባር ያለው የገበያ መሣሪያ ግን ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ይኸው ቡድን በዓመቱ ፈሳሽን በጥቂት በጥቂቱ የሚገፋ የሲሪንጅ ፓምፕ ንድፍ አውጥቷል። በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የኬሚካል ውሕደት የሚካሄድበትን ዕቃ ራሱን አትመው መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ኮሎሪሜትር በውስጡ አንድ አነስተኛ መብራት፣ ናሙናው የሚቀመጥበት ስፍራና በወዲያኛው ጫፍ ብርሃኑን የሚለካ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለው። ናሙናው በደመቀ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን ይቀንሳል። ከዚህም የንጥረ ነገሩ መጠን ይሰላል። የታተመው ክፍል እነዚህን ሁሉ በቦታቸው የሚይዘው ጥቁር ሳጥን ነው።

ይህ መሣሪያ ለአገራችን ያለው ፋይዳ ከመድኃኒት ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን እንዳለው ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚህ በላይ ለረጅም ጊዜ መጠጣት ጥርስን፣ እየባሰም አጥንትን ይጎዳል። ፍሎራይድ የአንድን ቀይ ማቅለሚያ ድምቀት ስለሚያደበዝዝ መጠኑ በኮሎሪሜትር ሊለካ ይችላል።

የወረቀት ካርዱም ቢሆን ከዚህ ቴክኖሎጂ ይጠቀማል። ካርዱን በስልክ ለማንሳት ብርሃኑና ርቀቱ ሁልጊዜ አንድ መሆን አለባቸው። በመስኮት አጠገብ የተነሳ ፎቶግራፍና በመብራት ሥር የተነሳው የተለያየ ቀለም ያሳያሉ። ስልኩንና ካርዱን በቋሚ ርቀት የሚይዝ፣ የራሱ መብራት ያለው የታተመ ሳጥን ይህን ልዩነት ያስወግዳል።

የፕላስቲኩ ምርጫ

ማንኛውም ፕላስቲክ ለማንኛውም ኬሚካል አይሆንም። በብዛት የሚገኘው ፒ ኤል ኤ የተባለው ፕላስቲክ ከበቆሎና ከመሳሰሉት ሰብሎች የሚዘጋጅ ሲሆን ለማተም ቀላል ነው። ነገር ግን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ጠንካራ አልካሊም ይበላዋል። ኤ ቢ ኤስ የተባለው ሙቀትን የተሻለ ቢቋቋምም በአሴቶን ይሟሟል። በመድኃኒት ምርመራ በስፋት የሚውለው አሴቶናይትራይልም ሁለቱንም ይጎዳል። ፖሊፕሮፒሊን አብዛኞቹን ፈሳሾች የሚቋቋም ሲሆን ሲታተም የመጣመም ባሕርይ ስላለው ልምድ ይጠይቃል።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። በንብብሮች መካከል የሚቀር ጥቃቅን ክፍተት ፈሳሽ ያሾልካል፤ ያለፈውን ናሙና ቅሪት ይዞም የሚቀጥለውን ሊበክል ይችላል። በብርሃን የሚጠነክረው ሙጫ በደንብ ካልታጠበና ካልጠነከረ መርዛማ ቅሪት ወደ ናሙናው ይለቃል። በፕላስቲኩ ቀለም ውስጥ ያሉ ማዕድናትም በውኃ ውስጥ የብረት ቅንጣት በሚፈለግበት ምርመራ ውጤቱን ያሳስታሉ። በመሆኑም ናሙናው የሚነካውን ክፍል በመስታወት ወይም በተለመደው የላቦራቶሪ ዕቃ አድርጎ፣ የታተመውን ፕላስቲክ ለመያዣና ለመሸፈኛ ብቻ ማዋል በጀማሪ ላቦራቶሪዎች ዘንድ ይመረጣል።

የሳጥኑ ቀዳዳና የመድኃኒቱ ዕጣ

ማተም ቀላል ነው፤ የታተመው ዕቃ ያወጣውን ቁጥር ማመን ግን ሥራ ይጠይቃል። ይህን በአንድ ስሌት ማየት ይቻላል።

አንድ ናሙና በላዩ ላይ ካረፈው ብርሃን 10 በመቶውን ብቻ አሳለፈ እንበል። በኬሚስቶች ቋንቋ ይህ ናሙና 1.00 የሆነ የብርሃን ምጠት አለው። አሁን የታተመው ሳጥን ክዳኑ በደንብ ባለመግጠሙ ከሙሉው ብርሃን 5 በመቶ የሚሆን የውጭ ብርሃን ሾልኮ ይግባ። መሣሪያው በንጹሕ ውኃ 100 ማንበብ ሲገባው 105፣ በናሙናው 10 ማንበብ ሲገባው 15 ያነባል። 15 ለ105 ሲካፈል 14.3 በመቶ ይሆናል፤ ምጠቱም 0.845 ሆኖ ይመዘገባል። በውጤቱም ሙሉ መጠን ያለው መድኃኒት 15 በመቶ ያህል የጎደለው መስሎ ይታያል፤ ከ90 በመቶ ወሰን በታች ስለሚሆንም ጥፋት የሌለበት ምርት እንዲታገድ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው የጎደለው መድኃኒት ሙሉ መስሎ የሚያልፍባቸው ስህተቶችም አሉ። ለምሳሌ የቆሸሸ የናሙና መያዣ ብርሃን ስለሚጋርድ ንጥረ ነገሩ ከመጠኑ በላይ ሆኖ እንዲነበብ ያደርጋል።

መፍትሔው የታወቀና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። መጠናቸው በትክክል የሚታወቅ አምስት ወይም ስድስት ማነጻጸሪያ ፈሳሾች በዚያው ሳጥን ይለካሉ፤ ከንባባቸውም ማነጻጸሪያ መስመር ይሠራል። ምርመራው በተጀመረ ቁጥር አንድ ማነጻጸሪያ ፈሳሽ በድጋሚ ይፈተሻል። ሳጥኑ በሌላ ከተተካ፣ ንድፉ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ፣ መስመሩ እንደገና ይሠራል። የተወሰኑ ናሙናዎችም በየጊዜው ወደ ተመሰከረለት ላቦራቶሪ ተልከው ውጤቱ ይነጻጸራል።

የአዲስ አበባው ጥናት የተከተለው ቅደም ተከተል ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ርካሹ የወረቀት ካርድ የማጣሪያ ድርሻውን ተወጣ፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ የተሰጠው ግን በላቦራቶሪው መሣሪያ ነው። በካርድ ብቻ ምርት ማገድ አግባብ አይሆንም። ካርዱ ባይኖር ደግሞ ከብዙ ብልቃጦች መካከል የትኛው ወደ ውዱ መሣሪያ መላክ እንዳለበት ለመለየት አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

ሕግና ተቋማት

በአገራችን የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያዎች ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመራ ሲሆን የማስፈጸም ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። አንድ ላቦራቶሪ ለውስጥ ሥራው የቱቦ መደርደሪያ ቢያትም ጉዳዩ የዕለት ተዕለት አሠራር ነው። የታተመው ዕቃ ለታካሚ ምርመራ የሚውል ከሆነ ወይም ውጤቱ ለቁጥጥር ውሳኔ የሚቀርብ ከሆነ ግን ከባለሥልጣኑ ጋር አስቀድሞ መመካከር ይገባል።

የላቦራቶሪ ብቃት ዓለም አቀፍ መለኪያ አይ ኤስ ኦ/አይ ኢ ሲ 17025 በመባል ይታወቃል። መስፈርቱ መሣሪያው በፋብሪካ ተገዛ ወይስ በቤት ተሠራ ከሚለው ይልቅ ለታሰበለት ሥራ ብቁ መሆኑ በማስረጃ መረጋገጡን ይመለከታል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት ለላቦራቶሪዎች የብቃት ምስክርነት የሚሰጥ ሲሆን የሥነ ልክ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ የመለኪያዎችን ትክክለኛነት በማረጋገጥ ረገድ ድርሻ አለው። ስለዚህ በህትመት የተሠራ መሣሪያ በሕጋዊው የጥራት ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሊያገኝ የሚችለው ሰነዱ የተሟላ ሲሆን ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ስሪ ዲ ፕሪንተር ለመግዛት የሚያስብ መሥሪያ ቤት በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ማሽኑ የትኛውን ሥራ ያቃልላል የሚለው ነው። ማሽኑ ተገዝቶ ንድፍ የሚያዘጋጅ ሰው ካልተመደበለት፣ የፕላስቲክ ክርና መለዋወጫ በዓመታዊ በጀት ካልተያዘለት በመጋዘን ከተቀመጡት ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ይቀራል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ እያንዳንዱ የታተመ መሣሪያ የራሱ ማኅደር ሊኖረው ይገባል። በማኅደሩ ውስጥ የንድፉ ፋይልና እትሙ፣ የፕላስቲኩ ዓይነት፣ የታተመበት ቀን፣ የሠራው ባለሙያ፣ የማነጻጸሪያ መስመሩና በየጊዜው የተደረገው ፍተሻ ይመዘገባሉ። ባለሙያው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወር ተተኪው ሥራውን የሚቀጥለው በዚህ መዝገብ ነው። የመሣሪያው ውጤት በፍርድ ቤት ወይም በኦዲት ቢጠየቅም መልሱ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሙያ በአንድ ተቋም ብቻ አይገኝም። ኬሚስቱ ምን መለካት እንዳለበት ያውቃል፤ ቴክኒሻኑ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ። በልደታ ክፍለ ከተማ ብቻ የጤና ሳይንስ ኮሌጁና ረጅም ዕድሜ ያለው የተግባረ ዕድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ተቀራርበው ይገኛሉ። በመድኃኒት ምርመራና በእጅ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች በአንድ ክፍለ ከተማ መኖራቸው በጋራ ለመሥራት ርቀትን ምክንያት እንዳይሆን ያደርገዋል።

በአዲስ አበባ የተገኘው ጎዶሎ ሲስፕላቲን የተለየው በርካሽ በታተመ ወረቀትና በተመሰከረለት የላቦራቶሪ ዘዴ ቅንጅት ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢኖር ውጤቱ ዘግይቶ ወይም ሳይታመን ይቀር ነበር። መሣሪያ አትመው ለመሥራት የሚነሱ መሥሪያ ቤቶችም ማሽኑን ከመግዛት ጎን ለጎን የማረጋገጫ ሥርዓቱን በበጀትና በሰው ኃይል ማቀድ ይጠበቅባቸዋል።